ባህርዳር ላይ አዲስ ቤት ለሚከራይ፦ አፓርታማ፣ የማህበር ቤት፣ ሰርቪስ ወይስ ኮንዶሚኒየም?

ባህርዳር ቤት ፍለጋ የገባ ወዳጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው ሚጠይቀኝ፣ "አዲስ ቤት አግኝቻለሁ፣ ሰው ያልገባበት፣ ልያዘው?" ይለኛል። አዲስነቱ ብቻ ልቡን ወስዶታል። አልፈርድበትም፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ የኪችን ካቢኔቱ ላስቲክ ገና አልተላጠም፣ ደላላው ደሞ "ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ሊያይ ይመጣል" እያለ በር ላይ ቆሟል፣ በዛ ሰአት ተረጋግቶ ማሰብ ከባድ ነው።

እኔ እዚህ ከተማ አራት ቤት ተከራይቻለሁ፣ ሁለቱ አዲስ ነበሩ። የመጀመሪያውን አዲስ ቤት ግንቦት ላይ ገባሁበት፣ ሶስተኛ ፎቅ፣ ነጭ በነጭ የተቀባ፣ ሁሉ ነገሩ ደስ ሚል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የልጄ ደብተር ከቁም ሳጥኑ ኋላ ወድቆ ላወጣው ብዬ ቁም ሳጥኑን ገፋ ሳደርገው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሮ ሻግቷል፣ ደብተሩ ረጥቦ ገፁ ከገፁ ተጣብቋል፣ ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ስትስል የከረመችው ከዛ ሳይሆን አይቀርም። አከራዩ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም አስቀብቶ ለኪራይ አቻኮለው፣ በውጪ በኩል ያለው ግድግዳ ደሞ ገና አልተለሰነም ነበር፣ ብሎኬቱ ዝናቡን እንዳለ ይጠጣዋል። ቤቱ ክረምት አላየም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዛ ወዲህ አዲስ ቤት ሳይ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት "ይሄ ቤት ስንት ክረምት አይቷል?" ብዬ ነው የምጀምረው። አንድም ካላየ አልይዘውም ማለት አደለም፣ ግን የምፈትሸውም የምዋዋለውም ሌላ ይሆናል። እዚህ ላይ የምፅፈውም እሱን ነው፣ መጀመሪያ መለኪያው፣ ከዛ አራቱ አይነት ቤቶች በመለኪያው ሲታዩ።

ውሃ ከሁሉ በፊት

ለእንግዳ ሰው ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ውሃ ጠፋ ማለት ግራ ያጋባዋል። ከተማው የሚጠጣው ግን በዋናነት የምንጭና የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አለ፣ ከመጣም በኋላ ግፊቱ ፎቅ ላይ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ "ውሃ አለ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ መልሱ ሁሌ "አለ" ነው። ሮቶው ስንት ሊትር ነው፣ ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል፣ ፓምፑ ከምን ጋር ነው የተያያዘው፣ እነዚህን ነው መጠየቅ።

ሂሳቡን አብረን እንስራው። አንድ ሰው ቆጥቦ በቀን 50 ሊትር ይበቃዋል እንበል። 12 ቤተሰብ ያለበት ህንፃ፣ በቤት 4 ሰው ብንይዝ 48 ሰው ነው፣ በቀን 2400 ሊትር ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ በድምሩ 10 ሺህ ሊትር ቢሆን አራት ቀን ያቆያችኋል፣ አራት ቀን። አምስተኛው ቀን ላይ ቧንቧው ካልመጣ ቦቴ ትጠራላችሁ። ሰርቪስ ቤት ደሞ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ለባለቤቶቹ አምስት ሰውና ለናንተ ሶስት ሰው ቢሆን በቀን 400 ሊትር፣ አምስት ቀን ይሄዳል። እንግዲህ ትልቁ ህንፃ ትልቅ ሮቶ ስላለው ብቻ ይበልጣል ማለት አይቻልም፣ ለሰው ሲካፈል ነው ሚታየው።

ፓምፑ በመብራት ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል፣ ጄኔሬተር ካለ ፓምፑንም ያስነሳ እንደሆነ ጠይቁ፣ ኮሪደርና ሊፍት ብቻ የሚያበራ ብዙ ነው። ሌላው የመጨረሻው ፎቅ ጉዳይ ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ሲል ነው 1 ባር ግፊት የሚሰጠው፣ መጨረሻ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሮቶው ከሻወሩ በላይ 2 ሜትር ቢሆን ነው፣ 0.2 ባር ማለት ነው፣ ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። እዛ ፎቅ ላይ ቤት ስታዩ የሻወሩን ቧንቧ ራሳችሁ ክፈቱት፣ ባልዲ ስር አርጋችሁ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ቁጠሩ።

ክረምትና መሬቱ

ባህርዳር በአመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፣ ከተማው ደሞ ሜዳ ነው፣ ውሃው ወዴት ልሂድ እያለ ይቆማል። የሐይቁ ከፍታ ራሱ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ግቢ አይታችሁ "ደረቅ ሰፈር ነው" እንዳትሉ፣ ጥቅምት ላይ ሌላ ቦታ ነው የሚመስለው። ሐይቁ ዳርና ዝቅ ያሉ ሰፈሮች ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ የሽንት ቤት ጉድጓዱ ከታች ውሃ ይገባበታል፣ በጋ ላይ አመት የሚቆይ ጉድጓድ ክረምት ላይ በአጭር ጊዜ ሞልቶ መምጠጫ መኪና ይጠራል። የመምጠጫውን ማን ይከፍላል የሚለው ጠብ የሚነሳው ያኔ ነው፣ ቀድሞ መነጋገር ያለባችሁም ስለዚህ ነው።

የሰፈሩን ነገር ከደላላ አትጠይቁ፣ አከራዩንም አትጠይቁ። ጥግ ላይ ካለች ጉልት ወይም ሱቅ ሻይ ወይ ሳሙና ግዙና "እናቴ፣ ክረምት ላይ እዚህ ውሃው እስከየት ይደርሳል?" በሏቸው። በእጃቸው ነው የሚያሳዩአችሁ፣ "እስከዚች ደረጃ" ይላሉ። ከዛ የሚበልጥ መረጃ የለም።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ደሞ እነዚህን አርጉ፦ ግድግዳውን ከታች በኩል በእጃችሁ ዳብሱ፣ ከሌላው ቦታ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ አረፋ ከሰራ እርጥበት አለበት። ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ከወጣበት ውሃ እየሳበ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፉበት፣ ወደ ማፍሰሻው ካልሄደና ጥግ ላይ ከቆመ ሰራተኛው ተዳፋቱን ስቶታል፣ ይሄ በኋላ አይስተካከልም፣ ሴራሚኩ ካልተነሳ በቀር። ሴራሚኩን በሳንቲም ኳ ኳ አርጉት፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከስሩ ሲሚንቶ ያልያዘው ነው፣ አንድ ሁለት ቢገኝ ምንም አደለም፣ ግማሹ ወለል ባዶ ከጮኸ ግን አመት ሳይሞላው ይነሳል።

ስንጥቅ ደሞ ሁሉ አንድ አደለም። ኮለኑና ብሎኬቱ የሚገናኙበት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመር አዲስ ቤት ላይ የተለመደ ነው፣ ልስን ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሬቱ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ ዋልካ አፈር ላይ የተሰራ ቤት ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኮማተር ይሄን ያመጣል። እንደሱ ያለ ካያችሁ በቃ፣ ሌላ ፈልጉ።

መብራትና ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ነው። ብዙ አዲስ ስቱዲዮ ላይ የኪችኑ ሶኬት ለማንቆርቆሪያ ተብሎ በቀጭን ሽቦ ነው የተዘረጋው፣ ምጣድ ሲሰካበት ይግላል ወይ ብሬከሩ ይወድቃል። ለምጣድ የራሱ መስመርና ብሬከር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳጥኑን አስከፍታችሁ እዩ። እንጀራ ገዝቼ ነው የምበላ ካላችሁ ይለፋችሁ።

ቆጣሪው የራሳችሁ ይሁን። የጋራ ቆጣሪ ላይ የሚከፈለው በሰው ብዛት ይሁን በክፍል ብዛት ሁሌ ሚያጣላ ነው፣ ያኛው ፍሪጅና ምጣድ አለው እናንተ አምፖል ብቻ፣ ሂሳቡ ግን እኩል ይደርሳችኋል። አዲስ ቤት ላይ ደሞ "ቆጣሪው ሊገባ ነው" የሚባል ነገር አለ፣ እስኪገባ ከጎረቤት በተቀጠለ መስመር ነው የምትኖሩት። ሊገባ ነው የተባለ ቆጣሪ እንዳልገባ ቁጠሩት፣ ኪራዩንም በዛ ልክ ተነጋገሩ።

ሙቀት፣ ትንኝ፣ መንገድ

እነዚህን ባጭሩ ልለፋቸው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 30 ዲግሪን ይነካል፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ትልቅ መስታወት ያለው ሳሎን ከሰአት በኋላ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ቤቱን ጠዋት ሳይሆን 9 ሰአት አካባቢ እዩት። የሐይቁ ነፋስ የሚያስገባ ሁለት ትይዩ መስኮት ያለው ቤት ከማራገቢያ ይበልጣል። ባህርዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወባ አለ፣ መስኮቱ ወንፊት ሽቦ ከሌለው ለማስገጠም ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ፣ አጎበር መስቀያም ቦታ ይኑረው።

መንገዱን ደሞ በባጃጅ ስትሄዱ ሳይሆን ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በእግር ሄዳችሁ መዝኑት። ኮብል ያልተነጠፈበት መንደር ውስጥ ክረምት ላይ ባጃጅ አይገባም፣ ማታ ደሞ ባጃጅ ቶሎ ይጠፋል፣ ከዛ ጭቃውን ከነልጃችሁ በእግር ነው።

ወረቀቱ

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በፅሁፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት አመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ድሬዳዋ ሌላ የሚሰራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፣ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁ ያለው የቤቶች ክፍል ሄዳችሁ የምዝገባውን አሰራር ጠይቁ። አዲስ ቤት ላይ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አለ፣ ፊኒሺንጉን በተከራይ ብር ሊጨርስ ነው፣ እንዲ ያለ ሰው ሲያጋጥማችሁ አዋጁን በትህትና አንሱለት። እጅ በእጅ ብር አትስጡ፣ በቴሌብርም ይሁን በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ "የጥቅምት ወር ኪራይ" ብላችሁ ፃፉበት።

የሚያከራየው ሰው ማነው የሚለውም አዲስ ቤት ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይ ውጪ ሀገር ሆኖ ወንድሙ፣ የወንድሙ ጓደኛ፣ ጥበቃው ነው ቁልፍ የያዘው። ውክልናውን አይታችሁ ፎቶ አንሱት፣ ማከራየት ይችላል የሚል መስመር ይኑርበት።

እውነተኛው ዋጋ

የኪራዩን ቁጥር ብቻ ይዞ ማወዳደር ነው ሰው የሚሳሳትበት። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ መሀል ከተማ ያለ አፓርታማ 15 ሺህ ቢሆን፣ ጥበቃና ፅዳት 1 ሺህ፣ የጄኔሬተር መዋጮ 1500፣ ድምሩ 17500 ነው። ዳር ያለ የማህበር ቤት 11 ሺህ ቢሆን፣ የቦቴ ውሃ 2500፣ ልጅ ለማመላለስ የባጃጅ ኮንትራት 4 ሺህ፣ እሱም 17500 ነው። ደላላው ግን ሁለተኛውን "በ4 ሺህ ይረክሳል" ብሎ ነው የሚነግራችሁ። የናንተን ቁጥር በወረቀት ፃፉት፣ የደላላውንም ኮሚሽን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ካያችሁ በኋላ ዋጋው ይለወጣል።

እንግዲህ ወደ አማራጮቹ።

አዲስ የግል አፓርታማ

መሀል ከተማው፣ ሐይቁ ዳርና ዲያስፖራ ሰፈር አካባቢ የሚታዩት ባለ ሊፍት ፎቆች ናቸው። ጥሩ ጎናቸው ጥበቃ አላቸው፣ ሮቶና ፓምፕ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ጄኔሬተር አለ፣ ከበረንዳ ጣና ይታያል፣ ጠዋት ያንን ውሃ እያዩ ቡና መጠጣትን ያየ ሰው ነው የሚያውቀው፣ እኔ አሁንም ይናፍቀኛል።

የሚያስቸግረው ምንድን ነው፣ ህንፃው ሳያልቅ ከታች ጀምሮ ይከራያል። እናንተ ሁለተኛ ፎቅ ገብታችሁ አምስተኛው ላይ ሴራሚክ ይቆረጣል፣ አቧራው በደረጃው ይወርዳል፣ ሰራተኞቹ ከናንተ ሮቶ ሲሚንቶ ያቦካሉ። ሙሉ በሙሉ መቼ ያልቃል ብላችሁ ጠይቁና እስከዛ ቅናሽ አስፅፉ። የክፍል ግድግዳው ብዙ ጊዜ በቀጭኑ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ነው የሚከፈለው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" ማለት ይቻላል፣ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሰው እዛኛው ክፍል ገብቶ ያውራ፣ እናንተ ስሙ። ምድር ቤቱ ላይ ምን እንደሚከፈት ማወቅም ግድ ነው፣ ባንክ ከሆነ እሰየው፣ የምሽት ቤት ከሆነ ግን አርብና ቅዳሜ እንቅልፍ የለም።

ሌላው የኑሯችን ነገር ነው። በዓል ላይ በግ የት ይታረዳል? በርበሬ የት ይሰጣል? ከሰል በረንዳ ላይ ማቀጣጠል ይፈቀዳል? ምንም ከማይመስሉ ነገሮች ነው ቅሬታ የሚመጣው፣ በተለይ እናታችሁ ወይ አማታችሁ አብረው ካሉ። ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መልሱን ካልወደዳችሁት ቤቱን በደስታ እለፉት።

የማህበር ቤት

የመንግስት ሰራተኞችና ሌሎችም በማህበር ተደራጅተው መሬት ወስደው የሰሯቸው ቤቶች ናቸው፣ ባለቤቱ ታች ሆኖ ላይኛውን ያከራያል፣ ወይ ሙሉውን። አባይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ ሰባታሚት የወጣ ሰው ብዙ ያያል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተመረቀ ወዲህ አባይ ማዶን "ሩቅ" ብለው የሚተዉ ሰዎች እንደገና ቢያስቡበት ጥሩ ነው እላለሁ፣ ፖሊ ወይ ፔዳ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ የሚሰራ ሰውም መንገዱን በሰአት ለክቶ ይወስን።

እዚህ የምታገኙት ቦታ ነው። ክፍሉ ሰፊ፣ ግቢ አለ፣ ልጅ ይሮጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ገመድ ተዘርግቶ ልብስ ይሰጣል። ባለቤቱ ለራሱ ብሎ ስለሰራው ደሞ ብረቱንም ሲሚንቶውንም አልሳሳበትም፣ ለኪራይ ተብሎ ከተሰራው ይሄ በግልፅ ይለያል፣ በሩን ዘግታችሁ ስትከፍቱት እንኳ ታውቁታላችሁ።

ጉድለቱ መሰረተ ልማቱ ነው። ቤቱ ያልቃል መንገዱ አያልቅም። ቧንቧ ገና ያልደረሰው፣ ቆጣሪ ያልገባለት፣ የመንገድ መብራት የሌለው አለ። ሁለተኛው አዲስ ቤቴ እንዲ ያለ ነበር፣ ቤቱ እንከን የለውም ማለት ይቻላል፣ ነሐሴ ላይ ግን ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለችውን መንገድ ጫማ በፌስታል ይዘን በቦት ነበር የምንሻገራት። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፣ ለአዛውንት ግን አይሆንም፣ ድንገት ማታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መሄድ ቢመጣ መኪና በር ላይ ይደርሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አዲስ ሰርቪስ ቤት

ከቪላው ኋላ የሚሰሩት አንድ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው፣ ለአዲስ ተቀጣሪ፣ ለተማሪ ዛሬም ዋናው መፍትሄ ይሄ ነው፣ አዲስ የሚሰሩት ደሞ የራሳቸው ሻወርና ሽንት ቤት ያላቸው እየበዙ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ ከሌለው መጋቢት ላይ ይጋግራል፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመታው ስልክ ማውራት አይቻልም፣ ስለዚህ ኮርኒስ የሌለውን አትያዙ፣ ካለውም በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል አየር መውጫ ይኑረው።

ከቤቱ በላይ ግን ሰዎቹን ነው የምትከራዩት። በር ስንት ሰአት ይዘጋል፣ እንግዳ ማሳደር ይቻላል፣ ውሃው ሲጠፋ ማን ቅድሚያ ያገኛል፣ ይሄን ሁሉ ፊት ለፊት ጠይቁ። እኔ የኖርኩበት ሰርቪስ በር ማታ 2 ሰአት ይዘጋ ነበር፣ ከባድ ነበር። አከራያችንን ግን እትዬ ነበር የምንላቸው፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ሌሊት ላስቲክና መጥረጊያ ይዘው በራፋችን ላይ ቆመው "ልጄ፣ ውሃ ገባባችሁ?" ያሉኝን እስካሁን አልረሳውም፣ ሊነጋጋ ሲል ልጃቸው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን ደፈነው። በአፓርታማው ቤት ለዛ ሻጋታ ሰው እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። ባለቤት ግቢ ውስጥ መኖሩ ነፃነት ያሳጣል፣ ጥገና ግን ያፋጥናል፣ የቱ እንደሚበልጥባችሁ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

ኮንዶሚኒየም

አዲስ ቤት እያልን ይሄን ምን አመጣው ካላችሁኝ፣ ለማወዳደሪያ ነው። አብዛኛው የቆየ ነው፣ ስለዚህ ክረምቱን አይቶታል፣ የሚያፈሰውም የማያፈሰውም ታውቋል፣ ግድግዳው የሚረጥብ ከሆነ እድፉ ግድግዳው ላይ አለ፣ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ የየራስ ነው። ለእንጀራና ለእርድ የጋራ ቤት ተሰርቶለታል፣ አንዳንዱ ጋ ለሌላ ነገር ቢውልም። ሊፍት የለውም፣ ጂ ፕላስ 4 ላይ ያለ ሰው ጄሪካን ተሸክሞ መውጣቱን ያስብበት፣ የፍሳሽ መስመሩም ሲዘጋ የአንዱ ጥፋት ለሁሉም ነው የሚደርሰው፣ ምድር ቤት ያለው ደሞ ከሁሉ በፊት። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ካገኛችሁ በኔ ግምት ከብዙ አዲስ ስቱዲዮ ይሻላል።

ባንድ ላይ ሲታይ

| መለኪያ | አዲስ አፓርታማ | የማህበር ቤት | አዲስ ሰርቪስ | ኮንዶሚኒየም |
|---|---|---|---|---|
| ውሃ | ሮቶና ፓምፕ አለ፣ ለብዙ ሰው ይካፈላል | ቧንቧው መድረሱ ይጣራ | ሮቶ ከባለቤት ጋር የጋራ | ታች ጥሩ፣ ላይ ደካማ |
| የክረምት ፈተና | ብዙው ገና አላየም | ቤቱ ጠንካራ፣ መንገዱ ጭቃ | ጣሪያው ይፈተሽ | አልፎታል |
| ቆጣሪ | የየራስ ወይ በመዋጮ | ገብቶ ካለ የራስ | ብዙ ጊዜ የጋራ | የየራስ |
| ምጣድ፣ በግ፣ በርበሬ | ይከብዳል | ይመቻል | በባለቤት ፈቃድ | የጋራ ቤት አለ |
| ትራንስፖርት | ቅርብ | ሩቅ | እንደ ሰፈሩ | እንደ ሳይቱ |
| ጥገና | በአስተዳዳሪ፣ ይዘገያል | ባለቤት ካለ ፈጣን | ፈጣን | የውስጡ በባለቤት፣ የጋራው በኮሚቴ |
| ተጨማሪ ወጪ | ከፍተኛ | ቦቴና ባጃጅ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |

ለማን የቱ

ብቻውን ለሚኖር ሰራተኛ፣ ደመወዙም መካከለኛ ለሆነ፣ የራሱ ሻወርና ኮርኒስ ያለው አዲስ ሰርቪስ ይሻላል፣ አመት ቆይቶ ብር ይያዝበት። ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለሚሰራ ሰው ጄኔሬተር ያለው አፓርታማ ወጪው ይከብዳል እንጂ ያዋጣል፣ ግን ጄኔሬተሩ የክፍሉን ሶኬት ማስነሳቱን በአይኑ ይይ፣ አጥፍተው ያሳዩት።

ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የኔ ምርጫ የማህበር ቤት ነው፣ መንገዱ ኮብል ከሆነና ቆጣሪው ከገባ። ሁለቱ ካልተሟሉ ኮንዶሚኒየም ታችኛው ፎቅ። አዲስ አፓርታማ ከልጅ ጋር የምትገቡ ከሆነ የበረንዳውን ብረት ክፍተት ለኩ፣ የልጅ ጭንቅላት የሚያሾልክ ከሆነ ሳይበየድ አትግቡ፣ ይሄን በድርድር አታስቡት።

አባትና እናት አብረዋቸው ላሉ ምድር ቤት ነው፣ ሊፍት አለ ተብሎ አራተኛ ፎቅ አይያዝም፣ መብራት ሲጠፋ አረጋዊ ሰው ላይ ታስሮ ይቀራል። ምድር ቤት ደሞ እርጥበቱ ከሁሉ በላይ ነው፣ ስለዚህ ክረምት ያየ ምድር ቤት ፈልጉላቸው፣ አዲሱ ይቅር።

ከውጪ ወይ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ለሚመጣ ሰው ሐይቅ ዳር ያለው አፓርታማ ይመቸዋል፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከሆነ፣ ያኔ ከተማውም ቤቱም መልካም ነው።

ጊዜ ካላችሁ ቤት ፍለጋውን ነሐሴ ወይ መስከረም ላይ አርጉት። አዲስ ቤት የሚያከራይ ሰው ቀለም አስቀብቶ በጋ ላይ ነው ማሳየት የሚወደው፣ ነሐሴ ላይ ግን ጣሪያውም ግድግዳውም ግቢውም የሆነውን ሆኖ ነው የምታገኙት።

ቁልፍ የምትቀበሉ ቀን

ያላየውን ክረምት እናንተ ላይ የሚያይ ቤት ከያዛችሁ ውሉ ላይ ይቺን አስገቡ፦ "በክረምት ወራት ከጣሪያ፣ ከግድግዳ ወይም ከፍሳሽ መስመር የሚመጣ ችግር ሲፈጠር አከራይ በተነገረው በ15 ቀን ውስጥ ያስጠግናል፤ ካላስጠገነ ተከራይ በደረሰኝ አስጠግኖ ወጪውን ከኪራይ ያስቀንሳል።" ሁለተኛው ቤቴ ላይ አስፅፌያት ነበር፣ አከራዩ መጀመሪያ ፊቱን ቋጠረ፣ ከዛ አንብቦ "ትክክል ነው" ብሎ ፈረመ። ሐምሌ ላይ የመኝታ ቤቱ መስኮት ስር ውሃ ሲገባ ፎቶ ላኩለት፣ በሳምንቱ ሰው ይዞ መጣ።

ከዛ ስልካችሁን አውጡና የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ግድግዳ ከታች ጥጉ ድረስ፣ የመስኮቱን መስታወት፣ ሴራሚኩን፣ የመታጠቢያውን ቧንቧ፣ የበሩን ቁልፍ አንድ በአንድ ቪዲዮ አርጉት፣ ቀኑን በአፋችሁ ተናገሩበት፣ እዛው ቆማችሁ ለአከራዩ ላኩለት። ቁልፍ ሲሰጣችሁም ስንት ቅጂ እንዳለ ጠይቁ፣ አዲስ ህንፃ ላይ በር የገጠመው ባለሙያም ቀለም ቀቢውም ጥበቃውም ቁልፍ ይዘው ሊሆን ይችላል፣ የውጪውን በር የቁልፍ ሲሊንደር በመጀመሪያው ቀን አስቀይሩት።